ስለ ወልድ አምላክነት በኒቅያ የተደረገ ክርክር

ክርስቲያን ሁሉ ሲጠመቅ በአብና በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ይጠመቃል። ይህንንም ስም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስለሚሰማው ብዙ ሰው ምን እንደ ሆነ ሳይመረምር ይኖራል። ነገር ግን ከ1700 ዓመት ያህል በፊት፥ ወልድ በእውነት አምላክ ነውን፥ ወይስ ከፍጥረት ሁሉ የሚበልጥ ፍጡር ነው? የሚል ጥያቄ ተነሥቶ የሮምን መንግሥት ሁሉ አናወጠ፤ ጳጳሳትን ከመንበራቸው አሳደደ፤ በመጨረሻውም ነገሩ እስከ አክሱም ቤተ መንግሥት ደረሰ። በዚህ ጽሑፍ የሚቈጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

አንዳንድ ሰዎች ክርስቶስን አምላክ ብሎ መጥራት በዚያ ጉባኤ የተፈጠረ አዲስ ነገር ነው ይላሉ። ይህ ግን ስሕተት ነው። የመጀመሪያዎቹ ደቀ መዛሙርት አይሁድ ነበሩ፤ አይሁድም ከአንዱ እግዚአብሔር በቀር ለማንም እንዳይሰግዱ ከእናታቸው ጡት ጋር የተማሩ ሕዝብ ናቸው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው ለኢየሱስ የሰገዱለት፤ ከመካከላቸውም እስኪዳስስ ድረስ አላምንም ያለው ቶማስ ከትንሣኤው በኋላ ባየው ጊዜ ጌታውና አምላኩ እንደ ሆነ መሰከረ። ከዚያም በኋላ በ112 ዓ.ም. አካባቢ በታናሽ እስያ በምትገኘው በቢታንያ አውራጃ (አልዓዛር የነበረባት ቢታንያ አይደለችም) ፕሊኒዮስ የሚባል ሮማዊ ገዥ ክርስቲያኖችን መርምሮ ለንጉሡ ለትራያኖስ ደብዳቤ ጻፈ። በዚያም ደብዳቤ እነዚህ ሰዎች በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ ለአምላክ እንደሚዘመር አድርገው ይዘምሩለታል ብሎ ነገረው። ይህን የጻፈው ወዳጅ አይደለም፤ ሁለት ሴቶች አገልጋዮችን በግርፋት የመረመረ ጠላት ነው። ደግሞ በ2005 ዓ.ም. በእስራኤል አገር በመጊዶ መሬት ሲቈፈር በልዩ ልዩ ቀለም ጠጠር የተነጠፈ የጸሎት ቤት ወለል ተገኘ። ሊቃውንትም የ3ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው ይሉታል። በወለሉም ላይ አንዲት ሴት ለኢየሱስ ክርስቶስ መታሰቢያ ገበታ እንደ ሰጠች ተጽፎአል፤ ጽሑፉም ክርስቶስን አምላክ ብሎ ይጠራዋል። እንግዲህ ጉባኤው ከመሰብሰቡ አስቀድሞ ምእመናን ይህን ያምኑ ነበር። ያልነበረው፥ ለሚጠይቅ ሰው የሚመለስ የተለካ ቃል ነው።

ጥያቄውን ያነሣው ሰው በግብፅ አገር በእስክንድርያ ከተማ ቄስ የነበረ አርዮስ ነው። ቁመቱ ረዥም፥ ፊቱ የጾመኛ ፊት፥ ንግግሩም የለዘበ ነበረ ይላሉ። ብዙ ሰዎችም ስለ ትምህርቱና ስለ ምናኔው ይወዱት ነበር። እርሱም፥ አብ ብቻ ያለ መጀመሪያ ነው፤ ወልድ ግን ከሌላው ፍጥረት አስቀድሞ በአብ ፈቃድ ከምንም የተፈጠረ ነው፤ ያልነበረበትም ጊዜ ነበረ ብሎ አስተማረ። ትምህርቱንም በዜማ አድርጎ ስለ ሰጠ መርከበኞችና እህል ፈጪዎች መንገደኞችም ይዘፍኑት ነበር። ዜማ ከስብከት ይልቅ ፈጥኖ እንደሚሄድ አርዮስ ዐወቀ።

አርዮስን እንደ ፌዘኛ መቍጠር አይገባም። አሳቡ የእግዚአብሔርን አንድነት መጠበቅ ነበረ፤ ደግሞም የተራበ፥ የደከመ፥ ያለቀሰ፥ በመስቀልም የሞተ እርሱ እንዴት ያ የማይለወጥ እግዚአብሔር ሊሆን ይችላል ብሎ ተጨነቀ። ጭንቀቱ የብዙ ሰው ጭንቀት ነው፤ ዛሬም ይህን የሚጠይቅ አለ። የስሕተቱም ሥር እዚህ ላይ ነው፤ እግዚአብሔር ራሱን ሊያዋርድ የማይችል ነው ብሎ አስቀድሞ ወሰነ፤ ከዚያ በኋላ የተዋረደውን ወልድን ከእግዚአብሔርነት አወጣው።

የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት እለ እስክንድሮስ የግብፅንና የሊብያን ጳጳሳት ሰብስቦ አርዮስን ከማኅበር ለየው። አርዮስ ግን በሌላ አገር ካሉ ጳጳሳት ወዳጆች አገኘ፤ ጠቡም እየሰፋ ሄደ። በዚያ ጊዜ ንጉሡ ቈስጠንጢኖስ በ324 ዓ.ም. የመጨረሻውን ባላጋራውን ድል አድርጎ መንግሥቱን ሁሉ ለብቻው ይዞ ነበርና በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጠብ በመኖሩ እጅግ አዘነ። ሆስዮስ የሚባለውን የእስጳንያ ጳጳስ መልእክት አስይዞ ላከ። በመልእክቱም ነገሩ ትንሽና ከንቱ ክርክር እንደ ሆነ፥ ሁለቱም ታርቀው ዝም ቢሉ እንደሚሻል ጻፈ። ንጉሡ የሰላም ሰው መሆንን ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን ያልገባውን ነገር ትንሽ ነው አለ። ይህም በነገሥታት ብቻ የሚታይ ጠባይ አይደለም።

ስለዚህ በ325 ዓ.ም. በበጋው ወራት ጳጳሳት ሁሉ በኒቅያ እንዲሰበሰቡ አዘዘ። ኒቅያ ያቺ ፕሊኒዮስ ክርስቲያኖችን የመረመረባት የቢታንያ አውራጃ ከተማ ናት፤ ዛሬ በቱርክ አገር ኢዝኒክ ትባላለች። የመጡት ጳጳሳት በልማድ 318 ይባላሉ፤ ይህም አብርሃም ሎጥን ለማዳን ካስከተላቸው ሎሌዎች ቍጥር ጋር ይስማማል። በጉባኤው የነበረው የቂሣርያው አውሳብዮስ ግን ከ250 የሚበልጡ እንደ ነበሩ ይናገራል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሠለስቱ ምእት ብላ ታስባቸዋለች፤ በስማቸውም የሚጠራ ቅዳሴ አላት።

ከእነዚህ ጳጳሳት ብዙዎቹ በ303 ዓ.ም. በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ከተነሣው ስደት የተረፉ ሰዎች ነበሩ። ከግብፅ የመጣው በፍኑትዮስ አንድ ዓይኑ ወጥቶ ነበር፤ ከነዓ ቂሣርያ የመጣው ጳውሎስም እጆቹ በጋለ ብረት ተቃጥለው ሽባ ሆነው ነበር። ንጉሡ በፍኑትዮስን ባየው ጊዜ የወጣውን ዓይኑን ሥፍራ ሳመው ይባላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሮም ንጉሥ ያወጣውን ዓይን አሁን የሮም ንጉሥ ሲስመው ያዩ ሰዎች ምን እንደ ተሰማቸው ማሰብ ይቻላል። ነገር ግን ከዚህ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ እነዚህ ሰዎች ዓይናቸውንና እጃቸውን የሰጡት ለማን ነበር? ከእነርሱ ጋር ለተፈጠረ ለአንድ ታላቅ ባሪያ ነውን? ለእነርሱ ክርክሩ የቃል ጨዋታ አልነበረም።

በጉባኤው የሆነውን አንድ ነገር አትናቴዎስ ጽፎታል። በዚያን ጊዜ እርሱ ወጣት ዲያቆን ሆኖ ከእለ እስክንድሮስ ጋር መጥቶ ነበር። ጳጳሳቱ አስቀድመው ከቅዱሳት መጻሕፍት በቀር ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ሃይማኖቱን ለመጻፍ አሰቡ። ወልድ ከእግዚአብሔር ነው ብለን እንጻፍ ባሉ ጊዜ የአርዮስ ወዳጆች እርስ በርሳቸው ተጠቃቅሰው እሺ አሉ፤ በልባቸው ፍጥረት ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው ይሉ ነበርና። የእግዚአብሔር ኃይል ነው ብለን እንጻፍ ቢሉም ዳግመኛ ተጠቃቀሱ፤ በነቢዩ በኢዩኤል መጽሐፍ አንበጣና ኩብኩባ እንኳ የእግዚአብሔር ታላቅ ኃይል ተብለዋልና። እንዲህ እያለ መልካሙ ቃል ሁሉ በእጃቸው እንደ ሰም ይቀልጥ ነበር። ሁለት ሰዎች በአንድ ቃል እየተስማሙ በልባቸው የተለያዩ እንደ ሆነ ያ ስምምነት ስምምነት አይደለም።

ስለዚህ ጉባኤው ሊጠመዘዝ የማይችል ቃል ፈለገ፤ በጽርዕ ቋንቋ ሆሞኡሲዮስ የሚለውን አገኘ። ይህም ቃል ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው፥ በመለኮቱ ከአብ ጋር የተካከለ ነው ማለት ነው። አንዳንዶች ቃሉ በመጽሐፍ ቅዱስ አይገኝም ብለው ተቃወሙ፤ እውነትም አይገኝም። የጉባኤው መልስ ግን፥ ቃሉ ባይገኝም ነገሩ ይገኛል፤ እናንተም፥ ከምንም ተፈጠረ የምትሉትን በመጽሐፍ አላገኛችሁትም የሚል ነበረ። አጥር የእርሻው እህል አይደለም፤ አጥር ከሌለ ግን እህሉ ለከብት ይሆናል።

ከጳጳሳቱ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም በጽሑፉ ፈረሙ። ሁለት ጳጳሳት፥ ሴኩንዶስና ቴዎናስ፥ እንቢ ስላሉ ከአርዮስ ጋር ተሰደዱ። የተሰደዱት በንጉሡ ትእዛዝ ነው። ሃይማኖትን በሰይፍና በስደት ማጽናት በዚያ ቀን ተጀመረ፤ ይህ ሰይፍ በማን ላይ እንደሚመለስ ግን ገና ማንም አላወቀም።

ለአትናቴዎስ ነገሩ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ቆሞ ነበር፤ እርሱም፥ የሚያድነን ማን ነው? የሚል ነው። አንድ ሰው በዳኛ ፊት ለባልንጀራው ዋስ ሊሆን ቢቀርብ አስቀድሞ ዋሱ ራሱ ይመረመራል። ራሱ ለዚያው ባለ ገንዘብ ዕዳ ያለበት ከሆነ፥ ልቡ የቱንም ያህል ቸር ቢሆን ዋስነቱ አይጸናም፤ የሚከፍለው ከራሱ የለውምና። ፍጡር ሁሉ እንዲሁ ነው። መልአክም ቢሆን፥ ከመላእክት አለቃ በላይ የሆነም ቢሆን፥ ያለውን ሁሉ የተቀበለ ነው፤ ሕይወቱም ብድር ናት። የተበደረውን ሕይወት ለሌላው ሊያወርስ አይችልም። ሞትን ከሰው ልጅ ሊያስወግድ የሚችል ሕይወት የራሱ የሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ክርስቶስ ፍጡር ከሆነ ሰው ገና በሞት እጅ ነው፤ ክርስቲያኖችም ሲሰግዱለት ለፍጡር የሚሰግዱ ጣዖት አምላኪዎች ናቸው። አርዮስ፥ ለክርስቶስ መስገድ ይገባል፥ ነገር ግን ፍጡር ነው ሲል የአንዱን እግዚአብሔር ክብር የጠበቀ መሰለው፤ ሳያውቀው ሁለት አምላክ አደረገ፤ አንዱን ታላቅ፥ ሁለተኛውን ታናሽ።

አትናቴዎስ ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፍ ይህን በምሳሌ አስረድቶአል። ታላቅ ንጉሥ ወደ አንዲት ከተማ ገብቶ ከቤቶቹ በአንዱ ቢያድር ከተማይቱ ሁሉ ስለ እርሱ ትከብራለች፤ ሽፍታም ሊዘርፋት አይደፍርም። እንዲሁም የእግዚአብሔር ቃል እንደ እኛ ያለ አንድ ሥጋ ለብሶ ቢያድር ለሰው ወገን ሁሉ የሞት ዘረፋ ቆመ ይላል። ምሳሌው ኃይል የሚኖረው ያደረው ራሱ ንጉሡ ከሆነ ነው። መልእክተኛው ያደረ እንደ ሆነ ሽፍታው ሌሊቱን ጠብቆ ይመለሳል።

አንድ አምላክ ሲሆን አብና ወልድ እንዴት ይባላል ለሚሉም የፀሐይንና የብርሃንዋን ነገር አመለከተ። ብርሃን ከፀሐይ ይወጣል እንጂ ፀሐይ ብርሃንን አትፈጥረውም፤ ፀሐይም አስቀድማ ኖራ ብርሃንዋ በኋላ የመጣበት ሰዓት የለም። ምሳሌ ሁሉ በአንድ እግሩ ያነክሳል፤ ይህም ያነክሳል። ነገር ግን፥ የሚወልድ ሁሉ ከሚወለደው በዘመን ይቀድማል የሚለውን የአርዮስን ትልቅ ማስረጃ ለማፍረስ ይበቃል።

ጉባኤው ተበትኖ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ የንጉሡ አሳብ ተለወጠ፤ አርዮስም ከስደቱ ተመለሰ። በ328 ዓ.ም. የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት የሆነው አትናቴዎስ ግን አርዮስን አልቀበልም ስላለ በ335 ዓ.ም. እርሱ ራሱ ወደ ጋልያ አገር ተሰደደ። የተሳለው ሰይፍ ተገለበጠ። አርዮስ በ336 ዓ.ም. ሞተ፤ ትምህርቱ ግን አልሞተም። ቈስጠንጢኖስም ከሞተ በኋላ ልጁ ቈስጠንጢዎስ (የአባትና የልጅ ስም ስለሚመሳሰል መለየት ያስፈልጋል) የኒቅያን ቃል የሚጠሉትን ጳጳሳት ደገፈ። አትናቴዎስ በሊቀ ጳጳስነት ከኖረበት 45 ዓመት 17ቱን ያህል በስደት አሳለፈ፤ አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተባረረ። ከእነዚህም ሦስተኛው እጅግ የከፋ ነበረ። በ356 ዓ.ም. በየካቲት ወር በሌሊት ሕዝቡ በጸሎት ላይ ሳሉ ወታደሮች ቤተ ክርስቲያኑን ከበቡ። አትናቴዎስም ከወንበሩ ሳይነሣ ዲያቆኑን የእግዚአብሔርን ምሕረት ዘላለማዊነት የሚናገረውን መዝሙር እንዲያነብ፥ ሕዝቡም እንዲመልሱ አዘዘ። በሩ ተሰብሮ ወታደሮቹ በገቡ ጊዜም ሕዝቡ እስኪወጡ ድረስ አልሄድም አለ፤ መነኰሳቱ ግን በግድ ጐትተው አወጡት። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት በምድረ በዳ መነኰሳት መካከል ተሸሽጎ ኖረ።

ከዚህም በኋላ በዮልያኖስ ዘመን በዓባይ ወንዝ በጀልባ ሲሸሽ አሳዳጆቹ ቀረቡት። እርሱም ጀልባውን ወደ ኋላ አዙሩ ብሎ ወደ እነርሱ መጣ፤ አትናቴዎስን አይታችኋልን? ብለው ቢጠይቁ፥ ሩቅ አይደለም፥ ፈጥናችሁ ሂዱ ተባለላቸው፤ እነርሱም አልፈው ሄዱ። ይህ መልስ ይገባ እንደ ሆነ ወይም አይገባ እንደ ሆነ መምህራን ይከራከሩበት፤ ሐሰት ግን አልነበረም።

አሁን ነገሩ ወደ አክሱም ይደርሳል። ከጢሮስ የመጡ ሁለት ወንድማማች ልጆች፥ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ፥ የተሳፈሩበት መርከብ በቀይ ባሕር ወደብ ተይዞ ሰዎቹ ሲገደሉ እነርሱ ብቻ ተርፈው በአክሱም ቤተ መንግሥት አደጉ። ኤዴስዮስ ጠጅ አሳላፊ፥ ፍሬምናጦስ ጸሓፊና የመዝገብ ጠባቂ ሆነ። ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጅዋ እስኪያድግ መንግሥቱን እንዲጠብቁ ለመነቻቸው። ልጁም ባደገ ጊዜ ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመለሰ፤ ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ በአክሱም ላሉ ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲላክላቸው ለመነ። አትናቴዎስም ከእርሱ የሚሻል እንደማይገኝ አይቶ ራሱን ጳጳስ አድርጎ ሾመው። በኢትዮጵያ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የሚባለው እርሱ ነው። ኤዴስዮስ በጢሮስ ቄስ ሆኖ የተናገረውን ሩፊኖስ ሰምቶ ስለ ጻፈው ታሪኩ እስከ ዛሬ ቆየ።

አትናቴዎስ በምድረ በዳ ተሸሽጎ ሳለ ቈስጠንጢዎስ በስፍራው ጊዮርጊስ የሚባል የቀጰዶቅያ ሰው አስቀመጠ። ከዚያም በሩቅ አገር ያለው የአትናቴዎስ ሹም ትዝ አለውና በ356 ዓ.ም. አካባቢ ለአክሱም ነገሥታት ለዔዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ብዙ ሰዎች እነዚህ ወንድማማቾች አብርሃና አጽብሐ የሚባሉት ናቸው ይላሉ። ደብዳቤው ነገሥታቱን ወንድሞች ብሎ ይጠራቸዋል፤ አትናቴዎስንም በብዙ ክፋት ይከሰዋል፤ ፍሬምናጦስም ፈጥኖ ወደ ግብፅ ተልኮ በጊዮርጊስና በሌሎች ጳጳሳት ፊት ሃይማኖቱ እንዲመረመር፥ ሳይዘገይ እንዲመጣ ይጠይቃል። የዓለም ታላቁ ንጉሥ በወዳጅነት ቃል ትእዛዝ ላከ ማለት ነው። ለአክሱም የሮም ወዳጅነት ቀላል ነገር አልነበረም፤ የዝሆን ጥርስዋና ሌላው ሸቀጥዋ በቀይ ባሕር አድርጎ ወደ ሮም ገበያ ይሄድ ነበርና።

የነገሥታቱ መልስ ተጽፎ አልተገኘም። ፍሬምናጦስም ወደ ጊዮርጊስ እንደ ሄደ የሚናገር ጽሑፍ የለም፤ የአክሱም ቤተ ክርስቲያንም የአርዮስን ትምህርት አልተቀበለችም። ደብዳቤው እስከ ዛሬ የቆየው ደግሞ ራሱ አትናቴዎስ ለቈስጠንጢዎስ በጻፈው የመከላከያ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ገለበጠው ነው፤ ባላጋራው የጻፈውን ክስ ሳይደብቅ ለአንባቢ ሁሉ አሳየ። ጊዮርጊስ በ361 ዓ.ም. በእስክንድርያ ሕዝብ እጅ ተገደለ። አትናቴዎስ በ373 ዓ.ም. በመንበሩ ላይ ሳለ በሰላም ዐረፈ፤ በ381 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ የተሰበሰበው ጉባኤም የኒቅያን ሃይማኖት አጸና። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በ1959 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ እስክታገኝ ድረስ ከአትናቴዎስ መንበር ጋር ታስራ ኖረች።

ዔዛና በወረቀት የመለሰው መልስ ባይገኝም በድንጋይና በብር ያስቀረው አለ። በመጀመሪያው ዘመን ባስቀረጻቸው ገንዘቦች ላይ የጨረቃና የክብ ምልክት ነበረ፤ በኋለኞቹ ግን መስቀል ተተካ። ክርስቲያን ከመሆኑ በፊት ባስጻፋቸው የድንጋይ ጽሑፎች ራሱን ማሕረም የሚባለው የማይሸነፍ አምላክ ልጅ ብሎ ነበር። በአክሱም በ20ኛው መቶ ዘመን የተገኘ ሌላ የጽርዕ ጽሑፍ ደግሞ የአብን የወልድን የመንፈስ ቅዱስንም ስም ይጠራል። በዚያም ድንጋይ ላይ ያው ንጉሥ፥ ከዚህ በፊት ራሱን የአምላክ ልጅ ያሰኘው፥ የክርስቶስ ባሪያ ተብሎ ተጽፎአል።